የህንድ ኦርቶዶክሶች የማያልቅ ክስ፦ ከወለድ ገንዘብ እስከ 1064 አጥቢያ

የዴይራው፦
ሰላም ቤቶች። እዚህ ዱባይ ከህንዷ ኬረላ የመጡ ሁለት የስራ ባልደረቦች አሉኝ፣ ሁለቱም ኦርቶዶክስ፣ ሁለቱም እንደኛ የኬልቄዶንን ጉባኤ የማይቀበሉ፣ ቅዳሴያቸው አንድ፣ ቋንቋቸው አንድ፣ ግን አንዱ የሌላውን ቤተክርስቲያን ደጃፍ አይረግጥም። ምን ሆናችሁ ስላቸው የሃይማኖት ልዩነት የሚነግረኝ ጠፋ፣ «ኬዝ አለ» ብቻ። መቼ የተጀመረ ኬዝ? አንዱ 2017 አለኝ፣ ሌላኛው ሳቀበትና 1911 አለኝ። እኔ ደግሞ ነገር ከያዝኩ አልለቅም፣ ስለ ፍርዶቹ እየፈለግኩ ማንበብ ጀመርኩ። ረጅም ነው ታገሱኝ፣ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከ1808 ልነሳ። በዛ ዓመት የማላንካራ ቤተክርስቲያን (የቅዱስ ቶማስ ክርስቲያኖች የሚባሉት፣ ሐዋርያው በ52 ዓ.ም. ባሕር ተሻግሮ መጥቶ አጠመቀን የሚሉት) 3000 ስታር ፓጎዳ፣ የወርቅ ሳንቲም ነው፣ በሜትሮፖሊታኗ (በሊቀ ጳጳሷ) በኩል የእንግሊዞቹ ኢስት ኢንዲያ ካምፓኒ ዘንድ ተቀመጠላት። ዋናው አይነካም፣ 8 ፐርሰንት ወለድ በየዓመቱ ለዘላለም ይከፈላል። በዓመት 240 ሳንቲም። እነሱ ቫቲፓናም ይሉታል፣ የወለድ ገንዘብ። አሪፍ ነው አይደል? ችግሩ ወለዱን ለመውሰድ ፈራሚ ያስፈልጋል፣ የሚፈርመው ደግሞ ትክክለኛው ሜትሮፖሊታን ነው፣ ትክክለኛው የቱ ነው ሲባል ነው እንግዲህ ጣጣው።

የመጀመሪያው ዙር ከአንግሊካን ሚሲዮኖች ጋር የተነካካ ነው። ሚሲዮኖቹ ከ1816 ጀምሮ ኮታያም ያለው ሴሚናሪ ገብተው ሲያስተምሩ ቆይተው ከካህናቱ ከፊሉ ወደ ተሐድሶ አዘነበለ፣ ሌላው የአንጾኪያውን ፓትርያርክ ድረሱልን ብሎ ጠራ፣ እሳቸውም በ1875 በአካል መጥተው በ1876 ሙላንቱሩቲ ላይ ሲኖዶስ ሰበሰቡ። ከዛ ሴሚናሪውና ንብረቱ የማነው ተብሎ በ1879 ክስ ተከፈተ፣ 10 ዓመት ፈጅቶ በ1889 የትራቫንኮር (ያኔ በእንግሊዝ ሥር የነበረ የአካባቢው መንግሥት) ንጉሥ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ከአንጾኪያ ጋር ለቆሙት ፈረደ። የተሸነፉት ዛሬ ማር ቶማ ቤተክርስቲያን የሚባሉት ናቸው። የሂንዱ ንጉሥ ችሎት ተቀምጦ ከሁለቱ የክርስቲያን ጳጳስ እውነተኛው ይሄ ነው ሲል አስቡት።

ሁለተኛው ዙር ላይ ነው ያሸነፉት እርስ በርስ የተያዙት። በ1909 ፓትርያርክ አብደላ መጡና መንፈሳዊ ብቻ ሳይሆን በንብረቱም ላይ ሥልጣን አለኝ፣ እሱን አምናችሁ ፈርሙ አሉ። ከአጥቢያዎቹ የፈረሙ አሉ፣ ሜትሮፖሊታኑ ማር ዲዮናስዮስ ግን አልፈርምም አሉ፣ በ1911 ተወገዙ። በማግስቱ ዓመት ደግሞ ሌላ ፓትርያርክ፣ የቱርክ ሱልጣን ከመንበራቸው ያነሷቸው አብዱል መሲህ፣ ወደ ህንድ መጡና ለህንዶቹ የራሳቸውን ካቶሊኮስ፣ የአገራቸው ቤተክርስቲያን የበላይ ጳጳስ ማለት ነው፣ ሾሙላቸው (1912)። ያው ሁለት ካምፕ ሆነ፣ የካቶሊኮስ ወገንና የፓትርያርክ ወገን። የገንዘቡ ባለአደራዎች ሦስት ነበሩ፣ ሜትሮፖሊታኑ፣ አንድ ቄስና አንድ ምእመን። ቄሱና ምእመኑ ከፓትርያርኩ ጋር ቆሙ። ሁለቱም ወገን ወለዱን ስጡን ብለው ገንዘቡን የያዘው የእንግሊዝ መንግሥት በር ላይ ቆሙ፣ መንግሥትም እኔ በናንተ ጣጣ አልገባም ብሎ በ1913 ገንዘቡን ትሪቫንድረም ፍርድ ቤት አስቀመጠና ተካሰሱ አላቸው።

በ1919 የአውራጃው ፍርድ ቤት ለማር ዲዮናስዮስ ፈረደ። በ1923 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ገለበጠው። ያው ፍርድ ቤት ጉዳዩን እንደገና አይቶ በ1928 የራሱን ፍርድ ገለበጠና መልሶ ለማር ዲዮናስዮስ። ይሄ ሁሉ ገና መጀመሪያው ነው እንግዲህ፣ ቀሪውን ነገ እጽፋለሁ፣ ሺፍት አለብኝ።

ቤቲ_ኤም፦
ወይ ጉድ!! ለ240 ሳንቲም 15 ዓመት? ለጠበቃ የከፈሉት ከዛ አይበልጥም ነው የምትለኝ

የዴይራው፦
ቤቲዬ ሳንቲሙ ሰበብ ነው። ወለዱን ፈርሞ የሚወስደው ሰው በሕግ ፊት የቤተክርስቲያኗ ባለአደራ እሱ ነው ማለት ስለሆነ ሴሚናሪው፣ መሬቱ፣ ሌላውም ንብረት ተከትሎ ይመጣል።

ሙግት_ወዳድ፦
በሕግ አምላክ እንዲህ አይነት ፖስት ለምን ቀድሞ አልመጣም 😄 ጠበቃ ነኝ፣ ስለዚህ ታገሱኝ እኔም አስረዝማለሁ።

መንግሥት ያደረገው ነገር ስም አለው፣ በእጁ ያለ ንብረት ላይ ሁለት ሰው ሲመጣበትና ለራሱ ምንም ጥቅም ሳይኖረው ሲቀር ንብረቱን ፍርድ ቤት አስገብቶ እናንተ ተሟገቱ የሚልበት ክስ። እኛም ጋ አለ። እንደውም ብዙ ሰው አያውቅም እንጂ የኛ የ1958 ዓ.ም. (በኛ) የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከህንዱ የ1908 (በፈረንጅ) ሕግ ነው ብዙው የተቀዳው። ስለዚህ የኬረላን ፍርድ ሳነብ አንቀጹን ሁሉ የማውቀው ነው የሚመስለኝ፣ አንቀጽ 5 ያለው በፍርድ ያለቀ ነገር እንደገና አይታይም የሚለው እዛም ዋና መከራከሪያ ነበር። አስቂኙ ነገር እሱ አንቀጽ እያለም ነው መቶ ዓመት የተካሰሱት።

ይሄን ጉዳይ ትንሽ አውቀዋለሁ፣ የዴይራው እስኪመጣ ልቀጥልለት። በ1934 የካቶሊኮስ ወገን ኮታያም ላይ ተሰብስቦ የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ አጸደቀ። ይሄ ደንብ ነው ከዛ በኋላ ያለውን ሁሉ የወሰነው። እዩልኝ እስቲ፣ አንቀጽ 1 የማላንካራ ቤተክርስቲያን የሶርያ ኦርቶዶክስ ቤተክርስቲያን ክፍል ናት፣ የሶርያ ኦርቶዶክስ የበላይ ደግሞ ፓትርያርኩ ነው ይላል። አንቀጽ 2 የማላንካራ መሥራች ቅዱስ ቶማስ ነው፣ የበላይዋ ካቶሊኮሱ ነው ይላል። ሁለቱም እዛው ጎን ለጎን! የጻፈው ሰው ወይ በጣም ብልህ ነው ወይ በጣም ተስፈኛ። አንዱ ወገን አንቀጽ 1ን እያነበበ ሌላው 2ን እያነበበ ነው እስከ ዛሬ የሚካሰሱት።

በ1938 የፓትርያርኩ ወገን አዲስ ክስ ከፈተ። ያነሱት ነጥብ እናንተ ከሥልጣኑ የተነሳ ፓትርያርክ ተቀብላችሁ፣ አዲስ ደንብ ጽፋችሁ፣ አዲስ ቤተክርስቲያን ሆናችኋል፣ ስለዚህ በድሮው ንብረት ላይ አደራ የላችሁም ነው። ጥሩ ክርክር ነው በሕግ ዓይን። በ1943 ኮታያም ላይ ተሸነፉ፣ በ1946 በይግባኝ አሸነፉ፣ ህንድ ነጻ ወጥታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከተቋቋመ በኋላ በ1954 እንደገና ይታይ ተባለ፣ በ1958 ዞሮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ የካቶሊኮስ ወገን አሸነፈ። ከቤተክርስቲያኗ አልወጡም ተባለ።

እዚህ ጋ ነው ጉዳዩ የሚያምረው። በዛው ዓመት ዲሴምበር ላይ ፓትርያርኩ ካቶሊኮሱን ተቀብያለሁ አሉ፣ ካቶሊኮሱም ፓትርያርኩን ተቀብያለሁ አሉ፣ ታረቁ!! ደብዳቤ ተለዋወጡ። ያቺ ደብዳቤ ናት በኋላ የፓትርያርኩን ወገን አንገቱን የያዘችው፣ ምክንያቱም በ1958 ወደህ የተቀበልከውን በ1975 አልቀበልም ማለት አትችልም ተባለ።

የደሴ_ልጅ_58፦
ልጆች፣ እኔ ከናንተ በእድሜ ሳልበልጥ አልቀርም። በጃንሆይም በደርግም ዘመን ሃይስኩል የተማረ ሰው ህንድ መምህር ያላስተማረው የለም፣ የኔ የሒሳብም የፊዚክስም መምህሮች የኬረላ ሰዎች ነበሩ፣ እሁድ እሁድ ነጠላ ሳይለብሱ ሱሪና ሸሚዝ አድርገው እኛ ቤተክርስቲያን መጥተው ቆመው ያስቀድሱ ነበር፣ እናቶቻችን ይገርማቸው ነበር። ያኔ ኦርቶዶክስ መሆናቸውን እንጂ መካሰሳቸውን የሚያውቅ አልነበረም፣ እነሱም ትንፍሽ አይሉም።

ሌላ ልጨምርላችሁ። በ1965 በፈረንጅ ጃንሆይ አዲስ አበባ ላይ የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አባቶችን በሙሉ ሲሰበስቡ የግብጹ አቡነ ቄርሎስ፣ የአርመኖቹ ሁለት ካቶሊኮሶች፣ የአንጾኪያው ፓትርያርክ ያዕቆብ ሳልሳዊና የህንዱ ካቶሊኮስ አውጌን አንድ ላይ ነበሩ። ያዕቆብ ራሳቸው ናቸው በ1964 ህንድ ሄደው አውጌንን በካቶሊኮስነት የሾሟቸው። ፎቶው ላይ ሰላም ናቸው። ከአሥር ዓመት በኋላ ሁለቱ ተለያዩ።

ፖል ቨርጊስ የሚባል ሰውም ነበር፣ በኋላ ጳውሎስ ማር ግሪጎርዮስ የተባሉት የዴልሂ ሜትሮፖሊታን። እኛ አገር በ1940ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጅ) መምህር ሆነው መጡ፣ በኋላም የጃንሆይ ረዳት ሆነው ሰርተዋል፣ አማርኛ ጥሩ አድርገው ይችሉ ነበር። እሳቸው በኋላ የኮታያም ሴሚናሪ ኃላፊ ሆኑ፣ የዛችው የተካሰሱባት ሴሚናሪ።

የዴይራው፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልን፣ ይሄን አላውቅም ነበር።

ለምን እንደተለያዩ ልቀጥል። በ1970 ፓትርያርኩ አንድ ደብዳቤ ጻፉ፣ ቁጥር 203። የህንዱ ካቶሊኮስ በማኅተሙና በደብዳቤው ላይ «በቅዱስ ቶማስ መንበር» እያለ ይጽፍ ነበር። ፓትርያርኩ ምን አሉ፣ ቶማስ ምን መንበር አለው፣ ቶማስ እንኳን መንበር ክህነትም የለው፣ ጌታ በዮሐንስ 20 ላይ ሐዋርያቱ ላይ እፍ ብሎ መንፈስ ቅዱስን ሲሰጥ ቶማስ አልነበረም። ኬረላ ውስጥ እያንዳንዱ ሁለተኛ ወንድ ቶማስ ነው ስሙ! አስቡት እንግዲህ። በ1975 ፓትርያርኩ ካቶሊኮስ አውጌንን አውግዘው ሌላ ካቶሊኮስ ሾሙ፣ ከዛ ጊዜ ጀምሮ ሁለት ካቶሊኮስ አለ፣ የካቶሊኮስ ወገን ኦርቶዶክስ ሶርያን፣ የፓትርያርክ ወገን ያዕቆባዊ ሶርያን የሚባሉት።

ከዛ ያው ፍርድ ቤት። በ1980 አንድ ዳኛ ለፓትርያርክ ወገን ፈረደ፣ በ1990 በይግባኝ ተገለበጠ፣ በ1995 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ1934ቱ ደንብ ሁሉንም ያስራል አለ። ፓትርያርኩ መንፈሳዊ አባት ናቸው፣ በአስተዳደር በኩል ያላቸው ሥልጣን ግን ተመናምኖ ሊጠፋ ደርሷል የሚል ይዘት አለው ፍርዱ። በ2002 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በተመደቡ ጡረታ የወጡ ዳኛ ታዛቢነት ፓሩማላ ላይ ጠቅላላ ጉባኤ ተካሄደ፣ ያዕቆባውያኑ አንገባም ብለው ለብቻቸው ተሰብስበው የራሳቸውን የ2002 ደንብ አወጡ። ጁላይ 2017 ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ2002ቱ ደንብ ዋጋ የለውም፣ 1064 አጥቢያዎች በሙሉ በ1934ቱ ደንብ ይተዳደራሉ ብሎ ዘጋው። አንዴ ለአደራ የተሰጠ ንብረት ሁሌም አደራ ነው፣ አብዛኛው ሕዝብ ወጥቶ ቢሄድ እንኳ ይዞት አይሄድም ነው ሐሳቡ።

ዘጋው አልኩ እንጂ አልተዘጋም።

ኩርፊያ፦
ምን ያልተዘጋ ነገር አለ ታዲያ። የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ሦስቴ ፈረደ። ቁልፍ ማስረከብ ነው በቃ። ፍርድ አልቀበልም የሚል ሰው ስለ ሃይማኖት ባያወራ ይሻላል። እኛም ሀገር ችግራችን ይሄው ነው፣ የተሸነፈ አይሄድም

የዴይራው፦
@ኩርፊያ በወረቀት ልክ ነህ። መሬት ላይ እንዲህ ነው። ብዙ አጥቢያ አለ ሕዝቡ አብዛኛው ያዕቆባዊ የሆነበት፣ አያት ቅድመ አያቱ ያሰሩት፣ ፍርዱ ግን ለጥቂት ሰዎችና ለነሱ ቄስ ቁልፉን ይሰጣል። ፒራቮም ላይ በ2019 ፖሊስ በር ሰብሮ ገባ፣ ሴቶች አጥሩ ውስጥ ተቀምጠው እያለቀሱ። ኮታማንጋላም ደግሞ ይባስ፣ እዛ ያለው መቃብር የማር ባሴልዮስ ዬልዶ ነው፣ በ1685 ያረፉ ከሶርያ መንበር የተላኩ ሽማግሌ አባት። ሲመጡ መንገድ ያሳያቸው አንድ ሂንዱ ነበር ይባላል፣ እስከ ዛሬ በዓመታዊው ንግሥ ላይ ፋኖሱን ይዞ ከፊት የሚሄደው የሱ ዘር ነው። ያዕቆባውያኑ ይሄን መቃብር ለማን ነው የምናስረክበው ብለው በር ላይ ተኙ።

ከሁሉም ያመመኝ የቀብሩ ነገር ነው። ቁልፉ የሌላ ወገን ከሆነ መቃብሩም የሱ ነው፣ የኔ ቄስ ካልቀበረው አይቀበርም ይላል፣ ቤተሰብ ደግሞ አባታችንን ሲያወግዝ የኖረ ቄስ አይቀብራትም ይላል። በ2019 ካታቺራ የሚባል ቦታ የአንዲት ባልቴት አስከሬን ከወር በላይ ሳይቀበር ቆየ፣ ከወር በላይ!! እንዲህ አይነት ነገር ሲደጋገም ነው የኬረላ መንግሥት በ2020 የቀብር ሕግ ያወጣው፣ ቤተሰብ ጸሎቱን በፈለገው ቄስ በፈለገው ቦታ ያድርግና በዘር መቃብሩ ይቅበር የሚል።

ቤቲ_ኤም፦
አስከሬን ላይ? ኧረ እግዚኦ። እኛ ጋ እድር እንኳን የተጣላ ሰው ይቀብራል እኮ

ኩርፊያ፦
ያሳዝናል አልክድም። ግን እሱም ቢሆን ፍርዱን ባለማክበር የመጣ ነው። ካህኑን ቢቀበሉት ቀብር አይከለከልም ነበር

የቅድስት_ሀገር፦
@ኩርፊያ ኢየሩሳሌም ነው የምኖረው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፍርድ ይከበር ነው ያልከው አይደል፣ ዴር ሱልጣንስ?

ለማያውቅ ልንገር፣ ዴር ሱልጣን እዚህ ኢየሩሳሌም ያለ፣ እኛና ግብጾቹ የምንካሰስበት ገዳም ነው። በ1970 በትንሣኤ ሌሊት ግብጾቹ ጎልጎታ ለጸሎት በወጡበት የቅዱስ ሚካኤልና የአርባዕቱ እንስሳ ቤተመቅደሶች ቁልፍ ተቀይሮ በኛ መነኮሳት እጅ ገባ፣ የእስራኤል ፖሊስ እያየ። ግብጾቹ ከሰሱ፣ በ1971 የእስራኤል ከፍተኛው ፍርድ ቤት ቁልፉ ለግብጾቹ ይመለስ አለ፣ ግን መንግሥት የባለቤትነቱን ጉዳይ ራሱ አይቶ ሊወስን ይችላል አለና ክፍተት ተወ። መንግሥት ኮሚቴ እያቋቋመ ይኸው ከ50 ዓመት በላይ ቁልፉ እኛ ጋ ነው። እኔ ዴር ሱልጣን የኛ ነው ነው የምለው፣ ደሜም ነው፣ ታዲያ የኬረላ ያዕቆባውያንን በምን አፌ ልፍረድባቸው

ኩርፊያ፦
አይገናኝም!! ዴር ሱልጣን በታሪክ የኛ ነው፣ ሰነዳችን በ1838 ወረርሽኝ መነኮሳቱ ሲያልቁ ነው የተቃጠለው፣ ቁልፉንም ያኔ ነው የወሰዱብን። ይሄንን ከህንድ የመንደር ጠብ ጋር ማወዳደር ነውር ነው

የቅድስት_ሀገር፦
ወንድሜ ያዕቆባውያኑም ቃል በቃል ይሄንኑ ነው የሚሉት። አያቶቻችን ያሰሩት ነው፣ ሰነዱ ላይ ነው የተሸወድነው። እኔ የኛ አይደለም አላልኩም፣ ፍርድ ቤት ያለው ሁሉ ያለቀ ነው አትበል ነው ያልኩህ

አስተባባሪ፦
ሁለት ኮሜንት አጥፍቻለሁ። ስለ ግብጽ መነኮሳት ስድብ የሚጽፍ ከክሩ ይወጣል። ቀጥሉ።

ሙግት_ወዳድ፦
ሁለታችሁም ላይ ጠበቃ ልሁን። @የቅድስት_ሀገር፣ ልዩነት አለ። ኢየሩሳሌም ላይ ከጥንት የነበረው ይጽና የሚባል የኦቶማን ሥርዓት አለ፣ የቅዱሳት መካናት ባለቤትነት በመደበኛ ፍርድ ቤት አይወሰንም፣ ስለዚህ ነው ፍርድ ቤቱ ለመንግሥት የተወው። ህንድ ላይ ግን ባለጉዳዮቹ ራሳቸው ናቸው ደጋግመው ፍርድ ቤት የሄዱት። የ1938ቱን ክስ የከፈተው የፓትርያርኩ ወገን ነው። ሲያሸንፉ ፍርዱ ጥሩ ነው፣ ሲሸነፉ ሃይማኖት በፍርድ ቤት አይዳኝም አይሆንም። ተጠየቅ ልጠየቅ ብለህ ገብተህ ዳኛው ሲፈርድብህ ዳኛው መናፍቅ ነው ብትል ማን ይሰማሃል።

@ኩርፊያ ላንተ ደግሞ፣ የህንዱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ራሱ አፈጻጸሙ ላይ እየተጨነቀ ነው። ኬረላ ሃይኮርት በ2024 ስድስት ቤተክርስቲያናትን የመንግሥት አስተዳዳሪዎች ይረከቡ አለ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ ያዕቆባውያኑ ያስረክቡ አለ፣ በ2025 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሃይኮርቱ ጉዳዩን እንደ አዲስ ይየው ብሎ መለሰው። ሺህ ፖሊስ አሰልፈህ ቤተክርስቲያን ማስረከብ ትችላለህ፣ በማግስቱ እሁድ የሚያስቀድስ ሰው ግን ፖሊስ አያመጣልህም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ አሁን ግን አልቻልኩም፣ አሜሪካ ያለን ሰዎች ይሄን ስናነብ ስለ ራሳችን ነው የምናነበው። እኔ ያለሁበት ከተማ አንድ ደብር (ስም አልጠራም) ቦርዱና ካህናቱ ተካሰው ዓመታት ፈጅቷል፣ ምእመኑ የሰጠው አሥራት ጠበቃ ጋ ነው የሄደው፣ ልጆቹ ሰንበት ትምህርት ቤት ሲያጡ ቀሩ። ዳኛው ደግሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ ስትመዘገቡ ያስገባችሁት ደንብ ምን ይላል? ቄሰ ገበዙ ምን ይላል አይልም፣ ሲኖዶሱ ምን ይላል አይልም።

እዚህ ያለው ሕግ ሁለት መንገድ አለው፣ ያነበብኩትን ነው የምላችሁ። ከ1871 ጀምሮ ያለው የቤተክርስቲያኑ የበላይ አካል የወሰነውን ፍርድ ቤት ይቀበላል የሚል ነው፣ በ1979 ደግሞ ጆንስ እና ዎልፍ በሚባል ጉዳይ ዶክትሪን ሳይነኩ እንደ ማንኛውም ንብረት ካርታውንና ደንቡን አይቶ መወሰንም ይቻላል ተባለ። ስለዚህ ደንብህ ላይ «በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቅዱስ ሲኖዶስ ሥር» የሚል አንድ መስመር መኖር አለመኖሩ ብቻ የሕንጻውን ባለቤት ሊቀይር ይችላል። ያን መስመር ብዙ ጊዜ ማን ነው የጻፈው? ታክስ የሚሰራልን ሰውዬ፣ ከኢንተርኔት ኮፒ አድርጎ።

መምሬ_ቀለም፦
እውነት ነው። ሲኖዶሱ ለሁለት ተከፍሎ በነበረበት ጊዜ ስንቱ ውጭ ያለ ደብር ገለልተኛ ነኝ ብሎ በቦርድ ስም ተመዘገበ። በ2018 (በፈረንጅ) ዋሽንግተን ላይ እርቁ ወርዶ አቡነ መርቆሬዎስ ሀገራቸው ገቡ፣ ሲኖዶሱ አንድ ሆነ፣ የደብሮቹ ደንብ ግን እንደነበረው ነው። የአባቶች እርቅ የመዝገብ ቤት ወረቀት አይቀይርም።

አንድ ነገር ላንሳ ግን። የህንዶቹ ጠብ ሥሩ የኛም ጥያቄ ነበር እኮ። እኛም 1600 ዓመት ጳጳስ ከእስክንድርያ ስናስመጣ ኖረን (እነዚህም ዓመቶች በፈረንጅ ናቸው) በ1948 ስምምነት ተደርጎ፣ በ1951 አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ ሆነው፣ በ1959 ፓትርያርክ ሆኑ። ጃንሆይ ዓመታት ድርድር አድርገው ነው ያመጡት፣ ግብጾቹም እያጉረመረሙ ፈረሙ። ህንዶቹ ጋ የሚደራደርላቸው ክርስቲያን ንጉሥ አልነበረም፣ ገንዘቡን የያዘው እንግሊዝ ነበር፣ እንግሊዝ ደግሞ ፍርድ ቤት ሂዱ ነው መልሱ። ከአንዱ ፓትርያርክ ጋር ሳይስማሙ ሥልጣኑን ያጣ ሌላ ፓትርያርክ አምጥተው ሾሙ። እንደኔ ሁሉም ነገር እዛ ጋ ነው የተበላሸው፣ ያቺ የ1912 ሹመት ናት እስከ ዛሬ ሽሮ ሜዳም ሆነ ኮታያም ቁጭ ብለህ ብትሰማ «ቀኖናዊ ናት አይደለችም» የሚባልባት።

የደሴ_ልጅ_58፦
መምሬ፣ ሽሮ ሜዳ ማን ነው ስለ ኮታያም የሚያወራው 😂

መምሬ_ቀለም፦
እኔና ጎረቤቴ ጋሼ 😂

የዴይራው፦
መምሬ ያሉት ላይ አንድ ተቃውሞ አለኝ። የ1912ቱ ሹመት ባይኖርም ይጣሉ ነበር። 1909 ላይ የተጠየቀው ነገር ቀኖና አይደለም፣ ፈርሙልኝ ነው። ማር ዲዮናስዮስ በጸሎት የፓትርያርኩን ስም መጥራት እምቢ አላሉም፣ በንብረቱ ላይ መፈረም ነው እምቢ ያሉት። ሲወገዙም ጥፋታቸው ተነግሯቸው መልስ እንዲሰጡ አልተደረገም፣ ይሄ ነገር ፍርድ ቤት ውስጥ ከባድ መከራከሪያ ሆኖ ነበር፣ ሳይሰማ የተወገዘ ሰው ተወግዟል ይባላል ወይ ተብሎ። እኔ እስካሁን ካነበብኩት የፓትርያርኩ ወገን ጎድሎበታል የምለው እዚህ ላይ ነው። ከ2017 በኋላ ግን ልቤ ወደ ያዕቆባውያኑ ነው፣ ፍርዱ ልክ ሆኖም አፈጻጸሙ ጨካኝ ነው፣ አሸናፊው ወገን ምእመኑን እንግዳ አድርጎ በፖሊስ ከሚገባ እናንተም ኑ፣ አባላት ናችሁ፣ ምረጡ ብሎ ዓመት ቢታገስ ምን ነበረበት። ደንቡም እኮ አባል ናቸው ነው የሚለው።

ሁለቱም ወገን የፓሩማላውን ግሪጎርዮስን (በ1902 ያረፉ) ቅዱስ ነው ብለው በአንድ ቀን፣ ኖቬምበር 2፣ ያከብራሉ። ባልደረቦቼም ሁለቱም ዴስካቸው ላይ የሳቸውን ስዕል ለጥፈዋል።

ኩርፊያ፦
እሺ የቀብሩን ተቀብያለሁ፣ ሌላውን ግን አልቀበልም። ለመሆኑ አሁን ማን ነው የነሱ መሪ?

የዴይራው፦
የኦርቶዶክሶቹ ካቶሊኮስ ከ2021 ጀምሮ ማቴዎስ ሳልሳዊ ናቸው። የያዕቆባውያኑ ቶማስ ቀዳማዊ ኦክቶበር 2024 አርፈው በመጋቢት 2025 ዮሴፍ የሚባሉ ተተኩ፣ ሹመቱ የተደረገው ሊባኖስ ነው፣ በፓትርያርኩ እጅ። ኦርቶዶክሶቹ ሁለተኛ ካቶሊኮስ መሾም የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ፍርድ ይጥሳል ብለው ተቃውመው ነበር።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
@ሙግት_ወዳድ የኛ ደብር ደንብ ለማሻሻል ኮሚቴ አቋቁሟል፣ እኔም አለሁበት (አትሳቁ)። ከቃለ ዓዋዲው (ከቤተክርስቲያናችን የአጥቢያ መተዳደሪያ ደንብ) ጋር እናስማማው የሚል አለ፣ አይ እንደ ስቴቱ ሕግ ብቻ የሚል አለ። ከዚህ ከህንዱ ጉዳይ ምን ልውሰድላቸው?

ሙግት_ወዳድ፦
አንቀጽ 1 እና 2ን አሳያቸው፣ እንዲህ አትጻፉ በላቸው። ሁለት የበላይ በአንድ ገጽ ላይ አታስቀምጡ፣ ሲኖዶሱ የበላይ ነው ካላችሁ በምን በምን ላይ እንደሆነ ጻፉ፣ ካህን መመደብ ላይ ነው? ሕንጻ መሸጥ ላይ ነው? ባንክ ላይ ማን ይፈርማል፣ ስንት ሰው? ደንቡን ለማሻሻል ስንት ድምፅ ያስፈልጋል? አባል የሚባለው ማነው፣ በዓመት ስንት የከፈለ ነው ወይስ የተጠመቀ ሁሉ ነው? አባል የሚለው ላይ ነው አብዛኛው የዲያስፖራ ክስ የሚጀምረው፣ ምርጫው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው 200 አዲስ አባል ይመጣል። እና ካህን ወይም አባል ከመባረሩ በፊት ክሱ በጽሑፍ ይሰጠው፣ መልስ የመስጫ ቀን ይኑረው የሚል አስገቡ። ማር ዲዮናስዮስን ሳይሰሙ አውግዘው ነው 1911 ላይ የተጠመዱት።

እና ታክስ የሚሰራው ሰውዬ እንዳይጽፈው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
ሰውዬው የኮሚቴው ጸሐፊ ነው 🤦🏾

ቤቲ_ኤም፦
😂😂 ጌታ ይሁናችሁ። ስብሰባው መቼ ነው፣ መጥተህ ንገረን